ሦስት ምስክር ለአራት ጥርስ

ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ከጨፋ ሮቢት ወደ ከሚሴ በተሳፈርኩበት ባጃጅ ውስጥ ሁለት የላይ የፊት ጥርሶቼ ተሰበሩ።

አንድ በሬ ድንገት አስፋልቱን አቋረጠ፣ ባለባጃጁ ፍሬን ያዘ፣ እኔ ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ ካለው ብረት ጋር በአፌ ተጋጨሁ። በሬው አልተነካም። ባለባጃጁ ወርዶ መጀመሪያ በሬውን፣ ቀጥሎ እኔን አየ።

«አብሽሪ እናቴ፣ ደም ብቻ ነው» አለኝ።

ደም ብቻ አልነበረም። መዳፌ ላይ ሁለት የጥርስ ስባሪዎች ነበሩ። በመሐረብ ቋጠርኳቸውና ሰዓቱን በማስታወሻ ደብተሬ ጻፍኩ። ሃያ ስድስት ዓመት በሬዲዮ ጋዜጠኝነት ሠርቻለሁ፤ አንድ ነገር ሲደርስ እጄ መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንን ነው።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ የከተማችን የጥርስ ሐኪም ዘንድ ገባሁ። ሐኪሟ በመስታወት አየችኝ፣ ራጅ አነሣችኝ፣ ከዚያ ሁለት መንገድ አስቀመጠችልኝ። ከተሰበሩት ከሁለቱ ሌላ ከጎናቸው ያለው ሦስተኛው ይነቃነቃል፤ አራተኛው ድሮ የተሞላ ነው፣ ሙሌቱ ተሰንጥቋል። አንደኛው መንገድ አራቱንም ነቅሎ የሚወልቅና የሚገባ አርቲፊሻል ጥርስ ማሠራት ነው፤ በሁለት ሳምንት እዚሁ ከሚሴ ያልቃል። ሁለተኛው የራሴን ጥርስ ማትረፍ ነው። የተሰበሩት ሥራቸው ይጸዳል፣ ይደፈናል፣ ከላይ ሽፋን ይለብሳሉ። የሚነቃነቀው ከጎረቤቶቹ ጋር ታስሮ ይጠበቃል፤ የአራተኛው ሙሌት ይታደሳል። ይህ የሚሠራው ደሴ ነው፣ ቢያንስ አራት ጊዜ መመላለስ አለ፣ ለሦስተኛው ጥርስ ደግሞ ዋስትና የለም።

«አንቺ ብትሆኚ የቱን ትመርጫለሽ?» አልኳት።

«እኔ አልመርጥልዎትም። ሁለቱንም አስረድቻለሁ።»

ለቃለ መጠይቅ እንዲህ የሚመልስ ሰው ደስ ይለኛል። ታካሚ ሆኜ ስሰማው ያን ያህል ደስ አላለኝም።

ዓርብ ጠዋት ስቱዲዮ ገብቼ በሩን ዘጋሁና የዕለቱን ዜና መግቢያ ለመቅረጫው አነበብኩ። ሰ ባለበት ሁሉ ፉጨት ይሰማል፤ ፈ ባዶ ትንፋሽ ሆኗል። በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ዜና በአማርኛ አነባለሁ፣ ከዚያ ያንኑ በአፋን ኦሮሞ። ቀረጻውን ለኃላፊያችን አሰማሁት። ጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛውን አየ።

«እህቴ፣ ትንሽ እረፊ። እስክትድኚ ሌላ ሰው ያነባል።»

«እስከ መቼ?»

«እስክትድኚ አልኩ እኮ።»

«ቀን ስጠኝ።»

«እሺ፣ እስከ ጥር አጋማሽ። ከዚያ በኋላ ግን ቦታውን በቋሚነት ለሌላ ሰው መስጠቴ ነው።»

ይህንንም ጻፍኩ። በኀምሳ ሦስት ዓመቴ ከመስታወት ጋር ጠብ የለኝም። የምነጠቀው ማይክሮፎኑን ነበር።

ስለዚህ የማውቀውን ሥራ ሠራሁ። አንድ ዜና ሦስት ምንጭ ካላገኘ አላነበውም፤ ጥርሴንም በዚሁ ደንብ ያዝኩት። የመጀመሪያው ምንጭ አጎቴ ነበሩ፣ የእናቴ ወንድም። ሰባ ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ከከሚሴ እስከ ባቲ የተጣላ ሲኖር ይጠራሉ። ከሁለት ዓመት በፊት የላይ ጥርሳቸውን በሙሉ አስነቅለው አርቲፊሻል አሠርተዋል። ቅዳሜ ጠዋት ቤታቸው ሄድኩ።

«አከም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ አፌን አዩና «ምነው፣ በሬ ወጋሽ አሉ?»

«በሬውስ ምንም አላደረገኝም፣ አብዬ። ብረቱ ነው።»

«ለወሬ ግን በሬው ይሻል ነበር።»

«ጥርሱ ተስማማዎት ወይ ብዬ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

የፊት ጥርሳቸውን በጥፍራቸው ቋ ቋ አደረጉት። «ስሚው፣ ድንጋይ ነው! አስነቅዪና ተገላገዪ። ያረጀ ጥርስ እንደ ክፉ ባላጋራ ነው፤ ዛሬ ብታስታርቂው ነገ ተመልሶ ይጣላል።»

ሁለተኛው ምንጭ ገበያው መግቢያ ላይ ያለ የእህል ነጋዴ ነበር፤ ጤፍ እየሰፈረ ቀና ሳይል «አርቲፊሻሉ ነው የሚሻለው፣ ምንም አያጠራጥርም» አለኝ። ሦስተኛዋ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ናት። «አስነቅዪው፤ ይሄ የተሰበረ ነገር ምን ይሠራልሻል?» አለች። ሦስት ምስክር፣ አንድ ቃል። ለሐኪሟ ደውዬ ለማክሰኞ አራት ሰዓት የመንቀያ ቀጠሮ ያዝኩ።

ሰኞ ዕለት አጎቴ በድንበር የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾችን ሲያስታርቁ በዘመድነት ተጠርቼ ሄድኩ። እንዲህ ያለ ቦታ ለሥራ ስሄድ መቅረጫዬን ይዤ ፊት ለፊታቸው እቀመጥ ነበር። ያን ቀን ሥራ ላይ አልነበርኩም፤ ከሴቶቹ ጋር ጎን ካለው ክፍል ተቀመጥኩ። በተከፈተው በር አጎቴ በጎናቸው ይታዩኛል። ወንድማማቾቹ ተቃቀፉ። ዱዓ የሚደረግበት ሰዓት ሲደርስ አጎቴ አንገታቸውን ደፉ፣ መሐረባቸውን አውጥተው ወደ ፊታቸው አስጠጉ።

ይህን አኳኋን አውቀዋለሁ። ባለፈው ዓመት እሳቸው ስላስታረቁት አንድ ጠብ በሠራሁት ዜና ውስጥ «ሽማግሌው ዱዓ ከማድረጋቸው በፊት እንባቸውን በመሐረብ ጠረጉ» ብዬ አንብቤያለሁ። ብዙ ሰው ያቺን ዓረፍተ ነገር ወዶልኝ ነበር።

ከጎን ሲታይ እንባ አልነበረም። በመሐረቡ ሥር ጥርሳቸውን አወለቁ፣ ጠቀለሉት፣ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። ከዚያ መዳፋቸውን ዘረጉና ዱዓው በአረብኛ ጀምሮ በኦሮምኛ አልፎ በአማርኛ ሳይሰናከል ወረደ። ቤቱ በየመሐሉ «አሚን» ይላል። እኔም አልኩ። አጠገቤ ያለች ሴት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ዛሬም አለቀሱ፤ አላህ ዕድሜ ይስጣቸው» አለችኝ። እውነቱን አታውቅ እንደሆነ ወይም አውቃ ትሸፍንላቸው እንደሆነ አላጣራሁም። እዚህ የሽማግሌ ገመና በሰው ፊት አይነሣም።

ስንመለስ መንገድ ላይ ብቻችንን ስንሆን ጠየቅኋቸው።

«አብዬ፣ ለዱዓ ለምን ያወልቁታል?»

ቆሙ። «አየሽኝ?»

«አየሁ።»

«ንግግር ሲረዝም ይላቀቃል። አንድ ጊዜ በዱዓ መሐል መዳፌ ላይ ዘጭ አለ። ሰው ሁሉ አሚን አለ!» በከዘራቸው ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ታዲያ ለምን አስነቅዪ አሉኝ?»

«ተስማማዎት ወይ አልሽኝ፤ አዎ፣ ለእኔ ተስማምቶኛል። የሽማግሌ ሥራው አብዛኛው ተቀምጦ ማዳመጥ ነው። ያንቺን ሥራ አንቺ ታውቂያለሽ። ለመናገርስ ብለሽ መች ጠየቅሽኝ?»

አልጠየቅኋቸውም። በዚያው ነጋዴው ዘንድ ሄድኩ። «የኔማ ሁሉም የራሴ ነው» አለ ጥርሱን እያሳየኝ፤ «አጎትሽ ናቸው ጥሩ ነው ያሉኝ።» ልብስ ሰፊዋንም ጠየቅኳት፤ አጎቴ ሲስቁ ጥርሳቸው አምሮባት ነው እንጂ ሌላ የምታውቀው የላትም። ሦስት ያልኳቸው ምንጮች አንድ ነበሩ፣ ያንን አንዱንም በትክክል አልጠየቅኩትም። ጀማሪ ሪፖርተር እንዲህ ያለ ዜና ቢያመጣልኝ ጽሑፉን መልሼ እሰጠው ነበር።

አርቲፊሻል ጥርስ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። የአጎቴ ሙሉ የላይ ጥርስ ነው፣ የእኔ አራት ብቻ ይሆን ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ከተሠራላቸው ወዲህ አንድም ቀን ለማስተካከል አልተመለሱም። ሐኪሟም ብዙ ሰው ከጥቂት ሳምንት በኋላ እንደሚለምደው ነግራኛለች። ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩና አፌን ከመክፈቴ በፊት ሁለት ጥያቄ ጠየቅኳት።

«የታከመው አልሆን ካለ፣ በኋላ መንቀል ይቻላል?»

«ይቻላል።»

«የተነቀለውስ ይመለሳል?»

«አይመለስም።»

«እንግዲያው ወደ ደሴ ሪፈር ጻፊልኝ።»

አራት የተባለው ምልልስ ስድስት ሆነ። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ሚኒባስ እይዛለሁ፣ ቀን ላይ አፌን ከፍቼ መንጋጋዬ እስኪንቀጠቀጥ እተኛለሁ፣ ደንዝዤ እመለሳለሁ። በሦስተኛው ጉዞ የአንደኛው ጥርስ ሥር መግል ይዞ ተገኘ። የደሴው ሐኪም መሣሪያውን አስቀምጦ «ይህንን ብናወጣው ይቀልዎታል» አለኝ።

«እንደገና ማጽዳት ይቻላል?»

«ይቻላል፣ ግን ሁለት ቀጠሮ ይጨምራል።»

«ይጨምር።»

በየቀኑ ከአስር ሰዓት በኋላ ቤቴ ተቀምጬ የዕለቱን ዜና ለመቅረጫው አነብ ነበር፤ የሚሰማኝ አልነበረም። ሽፋኑ ከገባ በኋላ መጀመሪያ ፈ ተመለሰ። ሰ ዘጠኝ ቀን አስጠበቀኝ። ከደሴ ተመልሼ ጉንጬ በጥጥ እንደተሞላ፣ የደነዘዘ ከንፈሬን እያሸሁ፣ ያችኑ አንቀጽ ሃያ ጊዜ ያነበብኩበት ቀን አለ። ቀረጻዎቹን በየቀናቸው አስቀምጫለሁ።

በዚህ መሐል የእንባውን ዜና ላርመው ወይ ብዬ አጎቴን ጠይቄ ነበር።

«ከሞትኩ በኋላ» አሉ።

«አብዬ፣ እርምት አይዘገይም።»

«ይሄኛው ይዘግይ።»

ይህን ጽሑፍ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩላቸው። መሐሉ ላይ አስቁመውኝ የነጋዴውን ነገር ድገሚው አሉ። ሲያልቅ «ስሜን ካልጠራሽ ይሁን» አሉኝ።

ጥር 15 ቀን፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ዜናውን በሁለቱም ቋንቋ አነበብኩ። አሥራ አራት ደቂቃ ፈጀ። ሦስተኛው ጥርስ በምላስ ሲገፋ አሁንም በትንሹ ይነቃነቃል።