ወንድሜን ፍለጋ ከሰበታ እስከ ካርቱም

ከሰበታ የተነሣሁት በኅዳር ነው። በዋዜማው ምሽት ጎረቤቱ ሁሉ እናቴ ቤት ተሰብስቦ፣ ለቅሶ የመጣ ይመስል አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ሌላ ሰው ሩቅ አገር ሲሄድ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይመረቃል። እኔ ግን ሴት ነኝ፤ ያውም ከባሌ የተፋታሁ፤ ያውም ብቻዬን የምሄድ፤ ያውም ሱዳን። አንዲት ጎረቤታችን እኔ እየሰማሁ «ይቺ ልጅ ለይቶላታል» አለች። መልስ ጠፍቶኝ አይደለም፤ እናቴ ስላፈጠጠችብኝ ዋጥኩት።

የምሄደው ታናሽ ወንድሜን ደበላን ፍለጋ ነው። ደበላ በጅማ መንገድ የሚመላለስ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ሱዳን ውስጥ ለረዳት ጥሩ ይከፈላል የሚል ወሬ ሰማና በጎንደር በኩል ወጣ። መጀመሪያ አካባቢ በነጋዴ እጅ ለእናታችን ጨርቅ ይልካል፣ ሰላምታ ይልካል። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ክረምት መጣ፣ ሌላ ክረምት መጣ፣ ወሬ የለም። እናቴ ከመንገዱ ዳር መኪና በቆመ ቁጥር ሥራዋን ጥላ ብቅ ትላለች፤ የሚወርደውን ሰው ሁሉ አይታ ትመለሳለች።

«የማለቅስለት ልጅ ይሁን የምጸልይለት፣ እሱን ልወቅ» አለችኝ አንድ ቀን። «እንዲህ ሆኜ እህል አልወርድልሽ አለኝ።»

አባታችን ሞቷል፤ ሌላ ወንድም የለንም፤ እኔ ደግሞ ባልም ልጅም የለኝም። ታዲያ ማን ይሂድ? የአባቴ ጓደኛ የነበሩት ጎረቤታችን ኦቦ ቶለሳ ብቻ ከተቀመጡበት ተነሥተው ራሴን ዳበሱኝና «ዋቅኒ ሲ ሃ ጋርጋሩ፣ ልጄ፤ እግዚአብሔር ይርዳሽ። ወንድምሽን ይዘሽልን ነይ» አሉኝ። እናቴ ነጠላዬን አጣጥፋ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተችልኝ።

በማግስቱ አዲስ አበባ ገብቼ በጎጃም አውቶቡስ ተሳፈርኩ። እንጦጦን አልፈን ሱሉልታ ስንወርድ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኗል፤ ሣር አጫጆቹ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ፀሐይ ይጠብቃሉ። ብርዱን ስራገም ትዝ ይለኛል። ይኸው ዛሬ ያንን ብርድ በሳህን የሚሸጥልኝ ባገኝ በገዛሁ።

ይህን መንገድ ያሰበ ካለ ምክሬን ይስማ። እስከ ጎንደር አውቶቡስ አለ። ከጎንደር እስከ መተማ የጭነት መኪና ነው፤ በክረምት እሱም የለም። ከጭነቱ ላይ ስትወጡ ከኋላ አትቀመጡ፤ አቧራው አንጀት ይገባል። ውሃ የራሳችሁን ያዙ። ሴት ከሆንሽ ደግሞ ሽማግሌ ፈልገሽ ከአጠገቡ ተቀመጪ፤ ገና ሳትተዋወቁ «አባቴ» በይው። ሹፌሩ «ጋቢና ግቢ፣ እዚያ ፀሐይ ይመታሻል» ቢልሽ ፀሐዩ ይምታሽ።

መተማ ላይ ወረቀቴን የሚመረምር አንድ ሹም ነበር። ወረቀቱን ገልብጦ አየው፣ እኔን አየኝ።

«ባልሽ የት ነው?»

«ፈትቼዋለሁ።»

«ማን ፈቀደልሽ?»

«መፍታቱን ነው ወይስ መሄዱን?»

«ሁለቱንም!» ብሎ ጮኸብኝ። ከጥላው ሥር እስኪመሽ አስቀመጠኝ፤ ኋላ ሰልችቶት ይሁን አዝኖልኝ እንጃ፣ ማኅተሙን መታልኝ።

በወዲያኛው በኩል ያለው የሱዳን ፖሊስ ደግሞ በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

«ምን ፈልገሽ መጣሽ?»

«ወንድሜን ፍለጋ።»

ፖሊሱ ሳቀ። «የሐበሻ ሴት ሁሉ ወንድሜን ፍለጋ ነው የምትለው። ይህ ሁሉ ወንድም የት ነው ያለው?»

«እኔስ የመጣሁት እሱን ልጠይቅህ አይደል?» አልኩት። አስተርጓሚው አልተረጎመውም። ደግ ሰው ነበር።

ገዳሪፍ የገባሁት ጨርቄ ከላቤና ከአቧራው የተነሣ ጭቃ ሆኖ ነው። አገሩ ሜዳ ነው፤ ዓይን የሚያርፍበት ተራራ የለውም። ሙቀቱ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከመሬትም ይወጣል። የአገሬ ሰው የት እንዳለ ስጠይቅ ገበያው ዳር ሻይ ወደምትሸጥ ወደ ወይዘሮ ዘውዴ መሩኝ፤ የጎጃም ሴት ናት። ስሜን፣ አገሬን ነገርኳት፤ በመጨረሻ «ደበላ ጉታ የሚባል ረዥም ልጅ፣ የፊት ጥርሱ የተሸረፈ፣ የጭነት መኪና ረዳት» አልኳት። የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

«እህቱ ነሽ?»

«እህቱ ነኝ። ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ» አለችና ወደ ምድጃዋ ዞረች። «ከሰላ ሄዷል መሰለኝ። አዎ፣ ከሰላ ነው የሄደው።»

አልጋዋን ለእኔ ለቅቃ እሷ መሬት ተኛች። ሥጋ የእስላም እርድ ነው ብዬ አልበላም ስላልኩ በየቀኑ ፉል ትቀቅልልኛለች። ገበያ ስንሄድ በአቋራጩ አትወስደኝም፤ በዚያ ፀሐይ ዙሪያውን ታዞረኛለች። የመሄጃዬ ዕለት ባቡር ጣቢያው ድረስ ሸኝታኝ፣ አቅፋኝ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። በሰው አገር የሰው አንጀት እንዴት ይራራል ብዬ እየተደነቅኩ ተሳፈርኩ።

ከሰላ ላይ አንድ ትግሬ ልብስ ሰፊ አገኘሁ። የደበላን ስም ስጠራለት የስፌት መኪናውን ማዞር አቆመ። «ወደ መደኒ ሳያልፍ አይቀርም» አለ። «እዚያ የአገራችን ሰው በዛ ይላል፤ ብትሄጂ ይሻላል።» ሱቁን ዘግቶ እስከ ባቡሩ ሻንጣዬን ተሸከመልኝ። ያ ባቡር በገዳሪፍ በኩል መልሶ አሳለፈኝ። በእንጨት ወንበር ላይ ከአንዲት ሱዳናዊት አሮጊትና ከፍየሏ ጋር ተጣብቄ ሳልፍ ጣቢያውን አየሁትና፣ ዘውዴን ሰላም ሳልላት አለፍኩ ብዬ ቆጨኝ። አሮጊቷ ተምር ሰጠችኝ። እነዚህ ሰዎች ሰላምታቸው እንደኛ ነው፤ ከብትህ ደህና፣ ልጅህ ደህና፣ ዝናቡ ደህና ሳይባል ወሬ አይጀመርም። እሱ ብቻ አገሬ ያለሁ ያስመስለኝ ነበር።

መደኒ ላይም እንዲሁ። «እዚህ ነበረ፣ ካርቱም ገብቷል።» ማንም «አላውቀውም» ብሎኝ አያውቅም። ሁሉም ያውቁታል፣ ሁሉም ይመግቡኛል፣ ሁሉም ወደፊት ይልኩኛል። በልቤ፣ ይህ ልጅ እግሩን ማን አዙሮበት ነው እንዲህ የሚንከራተት እያልኩ እሰድበው ነበር። ሳገኘው የምለውን እያሰናዳሁ ነው ካርቱም የገባሁት።

ካርቱም ውስጥ የተቀበሉኝ አቶ መኮንን የሚባሉ፣ እዚያ ብዙ ዘመን የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። «ደበላ አለ፣ አለ» አሉኝ ዓይኔን ሳያዩ። «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሰብስበን እናፈላልገዋለን። እስከዚያ ዕረፊ፤ ከቤት አትውጪ።» ሹፌሮችና ረዳቶች የሚያድሩበት አንድ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራዩልኝ። ባለቤቱ ሐጂ ይባላል፤ በወጣትነቱ ጎንደር ነግዶ አማርኛ የለመደ ሱዳናዊ ነው። ገና ስገባ ደንቡን ይነግረኝ ጀመር።

«እዚህ መጠጥ የለም። ጩኸት የለም። ሐበሻ ሲዘፍን ይጮኻል፣ ሲያለቅስ ይጮኻል፤ እኔ ልዩነቱን አላውቅም፣ ሁለቱንም አልፈልግም።»

«እኔ የመጣሁት ለዘፈን አይደለም።»

«ለምንድን ነው?»

«ወንድሜን ፍለጋ። ደበላ ይባላል።»

«ደበላ? ያ የሎሪው? ረዥሙ?» አለ ፊቱ በርቶ። የሚያውቁትን ሰው ስም መስማት ደስ ይላል አይደል? «እሱማ ሞተ እኮ! አምና በዝናቡ ጊዜ፣ ገዳሪፍ መንገድ ላይ ሎሪው ተገለበጠ። እዚያው ገዳሪፍ ቀበሩት። ጥሩ ልጅ ነበር፣ ማዕሌሽ፣ አይዞሽ። ሰዎችሽ አልነገሩሽም?» ወዲያው ደግሞ ከበሩ አጠገብ ያለውን ማሰሮ አሳየኝ። «ውሃ ከዚህ ትቀጃለሽ። ክዳኑን ክፍት አትተዪ፣ አቧራ ይገባል።»

እንዲህ ነው የተነገረኝ። በእኛ አገር ሞት እንዲህ አይነገርም። ገና ጎህ ሲቀድ ዘመድ ጎረቤቱ አብሮ ይሄዳል፤ ሽማግሌ ይቀድማል፤ አንዱ ይነግራል፣ ሌሎቹ ይይዛሉ፤ ብትወድቂ የሚያነሣሽ፣ ፊትሽን ብትነጪ እጅሽን የሚይዝሽ፣ ውሃ የሚያጠጣሽ አለ። ብቻውን ላለ ሰው፣ ያውም በሰው አገር፣ መርዶ አይነገርም። እኔም ይህን አውቃለሁ፤ ስንቱን ቤት እኔ ራሴ በማለዳ ሄጄ አስለቅሻለሁ። በራሴ ሲደርስ ግን ምልክቱን አላወቅኩትም። ግቢው መሐል መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሐጂ ደንግጦ ውሃ አመጣ፤ ሊነካኝ ግን ፈርቶ ብርጭቆውን ከፊቴ አስቀምጦ ሄደ። አልጮህኩም። ማን ይስማኝ ብዬ?

እሑድ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። አቶ መኮንን ናቸው፤ ከኋላቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ብዙ ሰዎች። ልብስ ሰፊው ከከሰላ፣ ዘውዴ ከገዳሪፍ ድረስ በባቡር መጥተዋል፤ ሊያረዱኝ፣ ሊይዙኝ። በሩን የከፈትኩላቸው ፀጉሬን ተላጭቼ ነው። ክው ብለው ቀሩ።

«ቤትሽ ከርሜ ለምን አልነገርሽኝም?» ብዬ ዘውዴ ላይ ጮህኩ። «መቃብሩ እዚያው አልነበረም? አቋራጩን ትተሽ ዙሪያውን ታዞሪኝ የነበረው ለዚህ አይደለም?»

«ለዚህ ነው» አለችኝ እያለቀሰች። «ቤቱ ውስጥ እኔና አንቺ ብቻ ነበርን፣ እህቴ። ብትወድቂብኝ ማን ያነሣልኝ ነበር? ሰው ካለበት ትድረስ ብለን ነው።»

ያን ዕለት አንዳቸውንም ይቅር አላልኩም። ከደግነታቸው የተነሣ አገሩን ሁሉ አዞሩኝ፤ በወንድሜ መቃብር አጠገብ በባቡር አሳለፉኝ፤ በመጨረሻም የውሃ ማሰሮ ከሚያሳየኝ ሰው እንድሰማው ሆነ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ግን አልቀየማቸውም፤ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን እንደዚሁ አደርግ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ካርቱም ቀረሁ። አንድ የግሪክ ነጋዴ ቤት ወጥ ቤት ገብቼ እሠራለሁ። ኪስራ የሚሉት ምግብ አላቸው፤ ሲያዩት እንጀራ ይመስላል፣ ሲጎርሱት ግን ወረቀት ነው። ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ነፋስ ሲነሣ ቀኑ ይጨልማል፤ ወጡም፣ አልጋውም፣ ጥርሱም አሸዋ ይሆናል። የመኖሪያ ፈቃድ ስጠይቅ «ቡክራ» ይሉኛል፤ ነገ ማለት ነው። ነገ ሄጄ ስጠይቅም ቡክራ ነው። ሰበታ ላይ ጭቃው ጫማዬን ሲነጥቀኝ የማማርረውን ሳስታውስ ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ለምን አልተመለስሽም ትሉኛላችሁ። እንዴት ብዬ? እናቴ ከመኪና ብቻዬን ስወርድ ካየችኝ፣ እዚያው አስፋልቱ ዳር፣ ጎረቤት ሳይሰማ፣ የሚይዛት ሳይኖር ትረዳዋለች። እኔ ላይ የደረሰው እሷ ላይ አይደርስም አልኩ። ስለዚህ ለኦቦ ቶለሳ በነጋዴ መልእክት ላክሁ፤ በተባለው ቀን ሰበታ ስልክ ቤት እንዲጠብቁኝ። ለእሳቸው እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው አጎቶቼን፣ ጎረቤቱን፣ የነፍስ አባቷን ሰብስበው በወጉ ያረዷታል።

የካርቱም ስልከኛ ግን በቀላሉ አላገናኘኝም።

«ሰበታ የት ነው?»

«አዲስ አበባ አጠገብ።»

«አዲስ አበባ ይሻልሻል፤ እሱን አውቀዋለሁ።»

«እናቴ ያለችው ሰበታ ነው!» አልኩት። ትከሻውን ነቅንቆ መስመሩን ይሞክር ጀመር። ብዙ አስጠበቀኝ። በመጨረሻ ከሹክሹክታና ከጩኸት መሐል የአገሬ ድምፅ መጣ።

«ሄሎ! ኦቦ ቶለሳ! አካም ጅርቱ? ደህና ነዎት?»

«እኔ ነኝ» አለች እናቴ።

ተከትላቸው መጥታለች፤ ልጄ ናት የምትደውለው፣ ማን ይቀድመኛል ብላ ነጥቃቸዋለች።

«እማዬ! ደህና ነሽ? ጎረቤቱ ደህና ነው? ዝናቡ ጥሩ ነው?»

«ሁሉ ደህና። ልጄን አገኘሽው?»

«ወደ ፖርት ሱዳን ሄዷል አሉኝ» አልኳት። አፌ ራሱ ተናገረው። «መርከብ የሚቆምበት ትልቅ ከተማ ነው፣ እማዬ። ሥራ ይዟል። የአገራችን ሰው እዚያ ብዙ ነው። በቅርቡ እሄዳለሁ።»

የአዲስ አበባዋ ስልከኛ ገብታ «ጨረሳችሁ?» አለች።

«አልጨረስንም» አለች እናቴ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ትንሽ ልጅ ሳለሁ እንቅልፍ ሲወስደኝ በምታናግረኝ ድምፅ። «ኢንታላ ኮ» አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው። «አንቺን ማን አረዳሽ?»

ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«አጠገብሽ የሚይዝሽ ሰው ነበር?»

«ነበር፣ እማዬ» አልኳት። «ብዙ ሰው ነበር።»