ለዳዊት የሠራሁት ቤት

ሥራ የጀመርሁት ውትድርናዬን በጨረስሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከቢሉ ሴንተር የገበያ ማዕከል ብዙ በማይርቅ አንድ የኮምፒዩተር መጠገኛ ሱቅ ነው። ባለቤቱ ሞሪስ በመጀመሪያው ቀን ካቻቢቴ ሰጥቶኝ ሦስት ኮምፒዩተር አስፈታኝ። አራተኛው አልተሰበረም። የኮምፒዩተሩ ባለቤት በአንድ ሰፊ የተረት ዓለም ጨዋታ ላይ ሠላሳ ሞድ ደራርቦ ጨዋታው አልከፈት ብሎት ነው ያመጣው። ሞድ ተጫዋቾች ራሳቸው ሠርተው ጨዋታው ላይ የሚጨምሩት ነገር ነው፤ አዲስ ጎራዴ፣ አዲስ ቤት፣ አዲስ መንደር።

ሞሪስ ወንበሩን ገፋልኝና «ይህን የልጆች ነገር አንተ እየው» አለኝ።

በኋላ የሚጫነው ሞድ የቀደመውን ይሽረዋል። ቅደም ተከተሉን እያዘዋወርሁ አንድ በአንድ ሞከርሁ። ከምሳ በፊት ተከፈተ። ከዚያ ወዲያ እንዲህ ያለ ሥራ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣ ጀመር።

በዓመቱ ራሴ ሞድ መሥራት ጀመርሁ። ያስተማረኝ የለም። መሥሪያ ፕሮግራሙን ከፍቼ እያንዳንዱን ነገር እየነካካሁ ምን እንደተለወጠ በደብተር ጻፍሁ። ቤት መሥራት ላይ በረታሁ። ጠረጴዛ ከወለሉ በፀጉር ስፋት ከተንሳፈፈ አላሳልፈውም ነበር።

ዳዊትን ያወቅሁት ያኔ ነው። ክፋር ግቢሮል ሰፈር ከእናቱ ከእትዬ ዘነቡ ጋር ይኖራል። በውትድርና ሳለ ጂፕ ተገልብጦ ጭንቅላቱን ተመቷል። እጅ እግሩ ደኅና ነው፤ የሚቸግረው ማስታወስ ነው። የሐኪሞቹን መልመጃ ጠልቶ የራሱን አበጀ። በዚሁ ጨዋታ ያገኘውን ዕቃ አንድ ሣጥን ውስጥ ያኖራል፤ ከቀናት በኋላ ሳይከፍት በቃሉ ይዘረዝራል፤ ከዚያ ከፍቶ ያመሳክራል። አርባ ዕቃ ሳይሳሳት እስከ መጥራት ደርሶ ነበር። ቢሉ ሴንተር በሚገኝ አንድ ሱቅ መጋዘን ውስጥም ሥራ አግኝቶ ለመጀመር ወር እስኪገባ ይጠብቃል።

«በጨዋታው ውስጥ የራሴን ቤት ሥራልኝ» አለኝ።

ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ዳዊት «ቃብላን» ይለኝ ጀመር፤ በዕብራይስጥ የግንባታ ተቋራጭ ማለት ነው። «ቃብላን፣ የምስማሩን ጥላ ተወውና ቁልፌን ስጠኝ። ሳላረጅ ልግባበት።»

አስረከብሁት። ዕቃውን ሁሉ ወደ አዲሱ ሣጥን አዛወረ፤ ለጀብዱ ወጣ፤ ተመለሰ፤ አርባውን ጠርቶ ከፈተ።

ወደ ሱቁ ደወለልኝ። «ባዶ ነው። ያስገባሁ መስሎኝ ነበር» አለ። ድምፁ ቀዝቃዛ ነበር።

ፋይሉን ከፈትሁ። ሣጥኑን የቀዳሁት በጨዋታው ካለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ነው። የማረፊያው ሣጥኖች ተጫዋቹ በጨዋታው ሦስት ቀን ከራቀ በውስጣቸው ያለውን ዕቃ ጥለው እንደገና ይሞላሉ። ይህን የሚያዘው አንድ ትንሽ ካሬ ላይ ያለ የራይት ምልክት ነው። ራይቱን አላነሣሁትም። ስሞክረው ዕቃ አስገብቼ አውጥቻለሁ እንጂ ሦስት ቀን አልራቅሁም።

ሞሪስ በትከሻዬ በኩል አየና «አንድ ራይት ነው፤ አንሣውና ዝም በል» አለኝ።

አነሣሁት። በዚያው ፋይል ላይ አስቀመጥሁት፤ የቀድሞው የተሳሳተ ፋይል አልቀረም። በፍላሽ ይዤ ሄጄ ጫንሁለት።

«ምን አስተካከልህ?» አለኝ ዳዊት።

«መብራቱን» አልሁት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እትዬ ዘነቡ ሱቁ መጡ። አልቀመጥም አሉ። «አንተ ልጄ፣ ምን ሆኖብኝ ነው? ሥራውን ተወው። ‹ያኖረውን የማያስታውሰውን እኔን መጋዘን የሚያስገባ ሰው አብዷል› ይላል። የመኖሪያ ቤታችንን ቁልፍ እንኳ ‹ያዥልኝ› ብሎ ሰጠኝ።»

ሥራዬን ጥዬ አብሬያቸው ሄድሁ። ለዳዊት ሁሉንም ነገርሁት፤ ራይቱን፣ ማረፊያውን፣ መብራቱን ብዬ መዋሸቴን።

«እናቴ ናት የላከችህ?»

«አይደለም። እኔ ነኝ የተሳሳትሁት።»

«አንተ? የምስማር ጥላ የምትቆጥረው?» ኮምፒዩተሩን አበራ። «ያላ፣ በል እንየው።»

ሣጥኑ ውስጥ አንድ ዳቦ አስገባ። ከቤቱ ወጥቶ በጨዋታው አራት ቀን ቆየ። ተመልሶ ከፈተው። ዳቦው እንዳለ ነበር።

«አየህ፣ ሣጥንህ ደኅና ነው።»

«አስተካክዬው ነው። መልሼ ላበላሸውና ላሳይህ።»

«ማበላሸትማ ማንም ይችላል» አለኝ። «ቤሰደር፣ ይሁን። ልብህ ጥሩ ነው፤ አውቃለሁ። አሁን አጥፋልኝ።»

ጨዋታውን ራሴ አጠፋሁለት። እትዬ ዘነቡ በሩ ላይ ቆመው ያዩን ነበር። ዳዊት ወደ መጋዘኑ አልሄደም።

ሞድ ለምትሠሩ፦ ሣጥን ከሠራችሁ ዕቃ አስገቡበትና በጨዋታው አራት ቀን ርቃችሁ ተመለሱ። የተስተካከለውን በተበላሸው ፋይል ላይ አትጻፉ፤ ለብቻው አስቀምጡት። ስሕተቱን ባገኛችሁበት ቀን ለባለቤቱ ንገሩት። እኔ ለዳዊት ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቼ ነገርሁት፤ እውነቱን ሳይሆን ማጽናኛ የነገርሁት መሰለው።