በልጄ ደብተር ውስጥ ያገኘኋቸው ከተሞች

ፊደል የለየሁት ካገባሁ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። አንዷን ገጽ ለመጨረስ ብዙ እቆያለሁ። አንድ ቀን የልጄን ልብስ ላጥብ ስሰበስብ ደብተሯ ወደቀ። «ሲሬ ተነሥታ ጨቋኝ ገዥዋን አባረረች። ከኑኑ ቁምባና ከጊዳ አያና ጋር ተማማለች። አለቃቸውን በየዓመቱ ራሳቸው ይመርጣሉ» ይላል፣ በራሷ እጅ ጽሕፈት።

ሦስቱም የኛው የወለጋ ከተሞች ናቸው። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ነቀምቴ ውስጥ የገዥን ነገር ስናነሳ በር ዘግተን ነበር። ደብተሩን ጎታ ውስጥ፣ ጤፉ ሥር ቀበርኩትና ወደ ትምህርት ቤቷ ሮጥኩ።

የታሪክ መምህሯ ገና ወጣት ነው። ነገሩን ስነግረው አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ። የግሪክ ታሪክ ነው አለኝ። ድሮ አካይያ በሚባል አገር ትንንሽ ከተሞች በአንድ ሕግና በአንድ ሚዛን ተባብረው ይኖሩ ነበር። አንድ ጎልማሳ የከተማውን ቅጥር ዘሎ ጨቋኙን አባረረና ከተማውን ከነሱ ጋር ቀላቀለ። ልጆቹ ይህን ለወላጆች ቀን በቴአትር ሊያሳዩ ነው። የግሪኩ ስም አልያዝ ቢላቸው ለጊዜው የወለጋን ከተሞች ሰጣቸው።

«የአውራጃው ገዥም ይመጣሉ አይደል?» አልኩት።

«ይመጣሉ፣ አዴ» አለኝ፣ እንደ እናት አክብሮ።

«እሳቸው ፊት ልጄ ሲሬ ሆና ገዥ ልታባርር ነው?»

ሳቁን አቆመ። ያን ዕለት የግሪኩ ስም ተመለሰ።

የቀረን አራት ቀን ነው። ልጄ ቅጥሩን የዘለለው ጎልማሳ፣ የሲኪዮን ከተማ አለቃ ናት፤ ስሙን በስንት መከራ ያዘችው። ቆሮንቶስና አካይያ ላይ ስትደርስ ግን እኔ አስጠናኋት፣ ከጳውሎስ መልእክት አውቃቸዋለሁ። እዚያ የሚጨቃጨቁ ክርስቲያኖች እንጂ ተመራጭ አለቆች መኖራቸውን አልሰማሁም ነበር።

በቀኑ አንሶላ ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ሳትደናቀፍ ተናገረች። ስትጨርስ ገዥው፣

«ይህ አለቃ ስንት ዓመት ገዛ?» አሏት።

ከተጠየቅሽ «ብዙ ዓመት» በይ ብዬ መክሬያት ነበር።

«አንድ ዓመት፣ ጌታዬ» አለች። «ሁለት ዓመት ማከታተል በሕጋቸው ክልክል ነው። አንድ ዓመት ሲያርፍ ግን ደግመው ይመርጡታል።»

ገዥው ጥቂት አሰቡና፣ የተወደደ ሰው ነበር ማለት ነው ብለው አጨበጨቡ። ሁላችንም አጨበጨብን።

አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ጎረቤታችን አማርኛው ፈጥኖባቸው ምን አለች ብለው ጠየቁኝ። በኦሮምኛ በጆሯቸው ነገርኳቸው። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣

«አንድ ዓመትማ ምን ይበቃል? የኛ አባቶች ለመረጡት አለቃ ስምንት ዓመት ነበር የሚሰጡት» አሉ፣ በኦሮምኛ።

ኦሮምኛ የሚሰማው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ገዥው ዞረው ሽማግሌው ምን እንዳሉ ጠየቁ። መምህሩ ጎንበስ ብሎ የልጆቹን አንሶላ መሰብሰብ ጀመረ። ማን እንዳስነሳኝ አላውቅም፣ በሕይወቴ ገዥ ፊት ቆሜ አላውቅም፣ ተነሣሁ።

«ልጅቷ ጎበዝ ናት ነው የሚሉት፣ ጌታዬ።»

«እውነታቸውን ነው» አሉ ገዥው።

ስቀመጥ ሽማግሌው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣

«እሱን አላልኩም» አሉኝ፤ «ግን ጎበዝ ናት።»