ጭስ የሌለው ፍም

ሸዋአለም በአስተማሪነት ወደ ዘመሮ እስክትመደብ ድረስ የመንዝን ብርድ በወሬ ነበር የምታውቀው። ያደገችው ዓለም ከተማ ነው፤ እዚያ አንድ ጋቢ ሌሊቱን ያሳድራል። ዘመሮ ግን ኅዳር ሲገባ ውርጩ የገብሱን ማሳ ያነጣዋል፤ ደጅ ያደረ የባልዲ ውኃ በረዶ ይለብሳል።

የተከራየችው እትዬ ገበያነሽ ግቢ ነው። ግድግዳ የሚጋራት የሒሳብ አስተማሪው ስንታየሁ ነበር። ሴትዮዋ የሁለቱንም መስኮት በላስቲክና በጭቃ ደፍነውላቸዋል።

«ከሰሉን ደጅ አያይዥው፤ ጭሱን ሲጨርስ ፍሙን አስገቢ» አሏት።

ስንታየሁም መከራት። «የከሰል አየር ከባድ ነው፣ መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው። እኔ አልጋዬን በብሎኬት ከፍ አድርጌዋለሁ።»

ሸዋአለም የሳይንስ አስተማሪ ብትሆንም ነገሩን አላሰላሰለችውም። ብርዱ አጣድፏት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ራሷን እየፈለጣት መንቃት ጀመረች። ያቅለሸልሻታል፤ ትምህርት ቤት ደርሳ ትንሽ ስትቆይ ይተዋታል። እትዬ ገበያነሽ ምች ነው ብለው ዳማከሴ አሸተቷት። አልለቀቃትም።

አንድ ቀን ሰባተኛ ክፍል ገብታ ስለ አቶም ታስተምር ነበር። ሰሌዳው ላይ ክብ ሣለች። «መሐል ላይ ኒውክለሱ አለ። ውስጡ ፕሮቶንና ኒውትሮን ይገኛሉ። ኤሌክትሮኖች በዙሪያው ናቸው፤ በጣም ቀላል ስለሆኑ ክብደታቸውን አንቆጥረውም። ከሰል በአብዛኛው ካርበን ነው። ካርበን ስድስት ፕሮቶንና ስድስት ኒውትሮን አለው። የአቶም ክብደቱ?»

«አሥራ ሁለት!»

«ኦክስጅንስ? ስምንትና ስምንት።»

«አሥራ ስድስት!»

«ከሰል በቂ አየር አግኝቶ ሲነድ አንዱ ካርበን ሁለት ኦክስጅን ይይዛል። አርባ አራት ይሆናል።»

ኮከብ የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ አየሩ ካነሰውስ?»

«አንድ ብቻ ይይዛል። ሃያ ስምንት።»

«እኛ የምንተነፍሰው አየር ስንት ነው?»

«በአማካይ ሃያ ዘጠኝ ገደ...»

ጠመኔው ሰሌዳው ላይ ቆመ። አርባ አራቱ ከአየር ይከብዳል። መርዘኛው ሃያ ስምንት ግን መሬት ላይ አይተኛም። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፤ ከአየሩ ጋር ተቀላቅሎ ቤቱን ሁሉ ይሞላል። በብሎኬት ከፍ ያለ አልጋ ላይም ይደርሳል።

«ዛሬ ሒሳብ ተማራችሁ?» አለች።

«መምህር ስንታየሁ አልመጣም።»

ጠመኔውን ጥላ ሮጠች።

እትዬ ገበያነሽ ግቢው ውስጥ ብቅል እያሰጡ ነበር። «አሞት ይሆናል ብዬ ነው፣ ይተኛ ብዬ...» አሉ። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ቢያንኳኩ፣ ቢጣሩ መልስ የለም። ጎረቤት በመጥረቢያ ሰበረው። ቤቱ ውስጥ ጭስ የለም፤ ምንም አይሸትም። ምድጃው ላይ አመድ ብቻ ነበር። ስንታየሁ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ተከናንቦ፣ ደህና እንቅልፍ የወሰደው ይመስል ነበር። ጎትተው ደጅ አወጡት። ትንፋሹ አለ፤ ግን ቀጭን ነው።

ሆስፒታል ከረመ። ተረፈ። ሰሌዳ ፊት ሲቆም ግን የጀመረውን ቁጥር መጨረስ አቃተው፤ እናቱ ወይዘሮ እታገኝ ቀየት ወደምትባለው አገራቸው ወሰዱት። ሸዋአለም የሁለቱንም ክፍል ላስቲክ ቀድዳ ጣለች፤ በብርድ እየተንቀጠቀጠች ማደር ለመደች።

ጥር ላይ ወይዘሮ እታገኝን ዘመሮ ገበያ አገኘቻቸው።

«እንዴት ሆነ?»

«ይመስገነው። ያው ይፈዛል፤ ጠዋት ጠዋት ራሱን ያመዋል።»

«ጠዋት ጠዋት?»

«ብርዱ ነው የኔ ልጅ። ሐኪሞቹ ከጭስ ጠብቁት ስላሉን፣ ከሰሉ ጭሱን እስኪጨርስ ደጅ እናቆየዋለን። ከዚያ ነው ፍሙን አልጋው አጠገብ የምናስገባለት።»

ሸዋአለም የሸመተችውን እዚያው ለሻጯ አደራ ብላ፣ ከእሳቸው ጋር ወደ ቀየት የሚሄደው መኪና ላይ ተሳፈረች።