ክዳኑ የታሰረው ድስት

የእህቴን ባል ጋራዥ ውስጥ የሚያውቀው ሁሉ «ብሎን» ነው የሚለው። እሱ ያጠበቀውን ነገር ከእሱ በቀር የሚፈታው ስለሌለ ነው። ቤት ውስጥማ ይብስበታል። የወጥ ቤቱን ቧንቧ እሱ ከዘጋው እኔና እህቴ ተጋግዘን ነው የምንከፍተው፤ የማር ጠርሙስ ክዳን እሱ ከነካው ያ ማር ለእኛ የለም። ስንቆጣው «የላላ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል» ይላል። ሌላ ክፉ አመል የለበትም። እውነቱን ከተናገርኩ፣ እንደ እሱ ያለ ባል ለእኔም በደረሰኝ! ይሄን ግን ፊት ለፊት አልነግረውም፤ ይንጠባረርብኛል።

እህቴ የታመመች ጊዜ ፀጉር ቤቴን ለባልደረባዬ ትቼ እነሱ ዘንድ ገባሁ። ሕክምናው በሽታውን ያዝ አደረገው፤ መድኃኒቱ ግን ጣዕም የሚባለውን ነገር ከአፏ አጠፋው። ያቀረብንላትን ሁሉ ትቀምስና «ያው እርጥብ ወረቀት ነው» ትላለች። ሾርባውም ወረቀት፣ እንቁላሉም ወረቀት፣ ብርቱካኑም ወረቀት። ካልበላች ደግሞ አቅም የላትም፤ አቅም ካላገኘች የቀረውን ሕክምና እንደማይጀምሩላት ሐኪሟ ቁርጡን ነግራናለች። «ጣዕሙ ይመለሳል?» ብዬ ስጠይቃት «የብዙዎቹ ይመለሳል» አለችኝ። የሁሉም አላለችም። እህቴ ዓይናችን እያየ መነመነች።

ባሏ ያልሞከረው የለም። ጋራዥ የሚመጣውን ደንበኛ ሁሉ «ምግብ እንቢ ላለው ሰው ምን ይደረጋል?» እያለ ይጠይቃል፤ አንዱ ሎሚ ሲለው ሎሚ፣ ሌላው ዓሣ ሲለው ዓሣ ይዞ ከች። እህቴ እሱን ላለማስከፋት ትንሽ ታላምጥና ሳህኑን ገፋ ታደርገዋለች። እሱም የተረፈውን ራሱ አንስቶ ወደ ወጥ ቤት ይመልሳል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቴሌቪዥን ላይ አንዲት ሴት ተርኪ የሚባለውን ግዙፍ ዶሮ ከነካሮቱ ከነድንቹ በዝግታ ስታበስል አየን። እህቴ ትራሷን ደገፍ ብላ «እንዴት ያምራል! ይሄንንስ ብቀምሰው ደስ ባለኝ» አለች። አማረኝ የሚል ቃል ከአፏ ከወጣ ስንት ጊዜው! ወንበር ላይ ሲያንጎላጅ የነበረው ባሏ በርግጎ ተነሳና ጫማውን ማሰር ጀመረ።

«ወዴት ነው ጋሼ?» አልኩት።

«መጣሁ» አለና ወጣ።

ሲመለስ ያቀፈውን ጥቅል ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ አሳረፈው። ገልጬ ሳየው ላባው የተነጨ ተርኪ ነው።

«ወይ ጉድ! ዶሮ ነው በግ? ማን ሊሠራው ነው?»

«እኔ ነኛ። ነገ ሥራ አልገባም።»

«አንተ? ሻይ ስታፈላ እንኳ ማንቆርቆሪያና ብርጭቆ የምትፈጅ ሰውዬ?»

«አንቺ አትክልቱን ያዢ፤ ሥጋው የኔ ነው። ሚስቴ ብቀምሰው ስትል ሰምቼማ ዝም አልልም።»

በማግስቱ ጠዋት ጦርነቱ ተጀመረ። ተርኪው ትልቁ ድስት ውስጥ አልገባ ሲለው የብረት መጋዙን ይዞ መጣ። ጮኼ አስጣልኩትና ቢላ ሰጠሁት። ደግነቱ እጁ መፍታት ያውቃል፤ ካምቢዮ እንደሚበትን በየመገጣጠሚያው ፈታታው። ከዚያ ሥጋውን በቅቤ፣ በነጭ ሽንኩርትና በጥብስ ቅጠል አሸው። እኔ ካሮቱን፣ ድንቹንና ሽንኩርቱን ከትፌ ከድስቱ ሥር አነጠፍኩለት። «ካሮቱን አወፈርሽው» አለኝ። «አንተ ደግሞ ቅቤውን እንደ ግሪስ ለቀለቅከው» አልኩት። በዚሁ ተኳረፍን። እሱ ወደ ድስቱ፣ እኔ ወደ ፎሶሊያዬ ዞርን።

አኩርፎ ቢቀር ጥሩ ነበር። ዱቄት በውሃ ለውሶ በክዳኑ ዙሪያ እንደ ሞተር ማሸጊያ፣ እንደ ጓርኒሲዮን ሲለጥፈው ዝም አልኩ። ወፍራም ሽቦ አምጥቶ ክዳኑን ከድስቱ እጀታ ጋር ጠፍሮ በፒንሳ ሲያጠብቀው ግን አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ ምን ነካህ? እንዴት አድርገን ልንቀምሰው ነው?»

«አይቀመስም! እንፋሎቱ ከወጣ ሥጋው ይደርቃል። መተንፈሻ ትቼለታለሁ።»

«እሳቱን እንኳ ጨምረው፤ ይሄ እኮ ገና መሞቁም አይደለም።»

«አዲስ ሞተር ሮዳጅ ላይ፣ ገና እየተፍታታ ሳለ ትጋልቢዋለሽ እንዴ? ቀስ ብሎ ይሂድ።»

ብናገር ብናገር ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ወንበሩን ምድጃው አጠገብ ስቦ፣ ሞተር እንደሚያዳምጥ አንገቱን አዘንብሎ ድስቱን ሲያዳምጥ ዋለ። እኔ ፎሶሊያውን በቅቤ ነካ አድርጌ አወጣሁት፤ ቀይ ሥሩንም ቀቅዬ ላጥኩት። ቀስ በቀስ ቤቱን ሞልቶ ኮሪደሩ ድረስ የሚያውድ ሽታ መጣ። ለመሳቅም ለማድነቅም እልሄ አልፈቀደልኝም።

ሰዓቱ ደርሶ እንክፈት ስንል ያ ሊጥ ደርቆ ሲሚንቶ ሆኗል። ሽቦው ተፈታ፤ ክዳኑ ግን ንቅንቅ አልል አለ። እሱ በመዶሻ እጀታ ዙሪያውን ያንኳኳል፣ እኔ ድስቱን በፎጣ ይዤ እሳደባለሁ። በዚህ መሃል ቀና ስል እህቴ ግድግዳውን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«ምንድን ነው እሱ? ሞተር ነው የምታወርዱት?» ብላ ሳቀች። ከአልጋ ብቻዋን ተነስታ እዚያ ድረስ ከመጣች ብዙ ጊዜዋ ነው። ሁለታችንም ደንግጠን ልንይዛት ስንል ክዳኑ በራሱ ጊዜ ጧ ብሎ ለቀቀ።

ሥጋው ከአጥንቱ እየተላቀቀ ነው። ካሮቱና ድንቹ መረቁን ጠጥተው ለስልሰዋል። እህቴን ደግፈን ሳሎን አስቀመጥናትና ፎሶሊያውንና ቀይ ሥሩን ከጎኑ አድርጌ አቀረብኩ። እሱ አልተቀመጠም፤ የወንበሩን መደገፊያ ይዞ አፍ አፏን ያያል። እኔ ቀድሜ ጎረስኩ።

ጨው የለውም። ጭራሽ የለውም። እሱን አየሁት፤ እሱም ቅንጥብ አድርጎ ቀመሰና አየኝ። እሱ አንቺ ጨምረሻል ብሎ፣ እኔ አንተ ጨምረሃል ብዬ! ያን ሁሉ ስንነታረክ አንዳችንም አፍ አውጥተን አልተጠያየቅንም፤ እንዳንቀምሰው ደግሞ ጠፍሮ አስሮታል። «ግድ የለም፣ እሷ እንደሆነ አይታወቃትም» ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

እህቴ አላመጠች። ዋጠች። ሹካዋን አስቀመጠች።

«ጨዉስ?» አለች።

ባሏ «ምን አልሽ?» አለ።

«ጨው የለውም አልኩህ! ይሄን ሁሉ ስታስሩ ስትፈቱ ጨው የሚባል ነገር ትዝ አላላችሁም?» ብላ ልትቀጥል ስትል ድንገት ንግግሯን አቋረጠች። እጇን ወደ አፏ ወሰደች። ቀስ ብላ ከፎሶሊያዬ አንዲት ፍሬ አነሳችና ቀመሰች።

«ይሄኛው አለው» አለች። «አዎ፣ ይሄኛው ጨው አለው!» ካሮቱን ቀመሰች፤ «ይሄ ይጣፍጣል።» ቀይ ሥሩን ቀመሰች፤ «ይሄ አፈር አፈር ይላል፤ ድሮም እንዲሁ ነው።» ዓይኗ እንባ ሞልቶ ትስቃለች።

ባሏ «ጨው ላምጣ» ብሎ ወደ ወጥ ቤት ሄደ። ቆየ። ብከተለው ጨዉን በእጁ ይዞ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ያለቅሳል። «አንቺ ስጫት» ብሎ ዘረጋልኝ። እኔስ ምን ዓይን አለኝና! እዚያው ቆሜ አብሬው ማልቀስ ያዝኩ።

እህቴ ከማዶ ጮኸች፦ «ኧረ እናንተ ሰዎች! ጨው ፍለጋ ባሕር ወረዳችሁ እንዴ? ምግቤ ቀዘቀዘ!»