ብሩክ ከአፌ ሰምቶ የሳለው ፊት

ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ዛሬ ልጻፍ። የባሌን ፎቶዎች ዝናብ አላበላሻቸውም። እኔ ነኝ በመቀስ የቆራረጥኳቸው።

ይህን መጀመሪያ መስማት የነበረበት ብሩክ ነበር። ዛሬ ጠዋት እህቱ ደውላ አረፈ አለችኝ። ማን? ብዬ ጠየቅኋት። ማክሰኞ፣ ኩላሊቱን ታሞ የተኛበት ሆስፒታል ልጠይቀው ስሄድ፣ አልጋው ላይ ሆኖ የነርሷን ጆሮ እየሳለ ነበር። እንዴት ብዬ ልመን?

ለማታውቁት፣ ብሩክ ኮልፌ ግቢዬ ውስጥ ሰርቪሱን ተከራይቶ ሦስት ዓመት የኖረ ሠዓሊ ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚያገኛቸውን፣ ጭራሽ የማያውቃቸውን ሰዎች ፊት በእርሳስ እየሳለ ገጹ ላይ ይለጥፋል። ከሥር ሁልጊዜ እንዲህ ብሎ ይጽፋል፦

«የምታውቁት ካላችሁ፣ አይቼሃለሁ ብሏል በሉት።»

አንዷ ባሏን ስሎት አይታ፣ የባሌን አፍንጫ አሳንስልኝ ብላ ብትጽፍለት፣ ሲያገቡትም ይሄው ነበር እኮ ብሎ መለሰላት። ግቢው ውስጥ ቆመን ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን።

ፎቶዎቹን የቆረጥኩት ባሌ ተጣልተን ወደ ወንድሙ ቤት በሄደ ሰሞን ነው። ያሉት ሁሉ እኔ ጋ ነበሩ። ሳንታረቅ እዚያው ሞተ። ለልቅሶው ድንኳን ፎቶ ስጠየቅ፣ ጣሪያው አፍስሶ ተበላሹ አልኩ። ልጄ ሰላም ያኔ አራት ዓመቷ ነበር፤ የአባቷን መልክ አታስታውስም።

ስታድግ፣ ልታገባ ስትል፣ የአባቴ ሥዕል በኖረኝ አለች። ብሩክ ሰምቶ፣ አንዲት ትንሽ ፎቶ ብትገኝ እስለዋለሁ አለ። ጨነቀኝ። ኢንተርኔት ላይ ግንባሩ ባሌን የሚመስል አንድ ሰውዬ ፈልጌ፣ ዘመድ ላከልኝ ብዬ ስልኬን ሰጠሁት።

አየት አደረገና ስልኩን መለሰልኝ።

«እትዬ፣ ፎቶው ይቆይ። እርስዎ ይንገሩኝ።»

ሲቆጣ ቅንድቡ ወዴት እንደሚሄድ፣ ሲስቅ ጥርሱን ይሸፍን እንደሆነ ጠየቀኝ። አራት ቀን በረንዳ ላይ ተቀምጠን እኔ ስነግረው፣ እሱ ሲስልና ሲሰርዝ ቆየን። በአራተኛው ቀን ወረቀቱን ሲያዞርልኝ፣ ባሌ ነበር። ተነሥቼ ቤት ገባሁ። አመሰግናለሁ እንኳ አላልኩም።

ሰላም ሥዕሉን ሳሎኗ ሰቅላዋለች። ከፎቶ የተሳለ ነው የሚመስላት።

ዛሬ እህቱ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ገጹን ወደ ኋላ እያየሁ ሄድኩ። ማንበብ በራሴ ስለተማርኩ ቀስ እላለሁ፤ የጻፈውን አንድም አላለፍኩም። ያ ፎቶውን ባሌ ነው ብዬ የሰጠሁት ሰውዬ እዚያ አለ። እኔ ፎቶውን ከማምጣቴ ከአንድ ዓመት በፊት ስሎታል።

ብሩክዬ፣ ገና ስልኩን ሳቀብልህ አውቀህ ነበር ማለት ነው። ውሸታም ሳትለኝ አራት ቀን ቁጭ ብለህ ሰማኸኝ። የባሌ ፎቶ ለምን እንደሌለኝ አልጠየቅከኝም። ብትጠይቀኝም እዋሽህ ነበር።

ማክሰኞ ልነግርህ አፌ ላይ ደርሶ ነርሷ ተመልሳ ገባች። ሌላ ቀን ይደርሳል አልኩ፤ አልደረሰም።

ደህና ሂድ፣ ልጄ። በሄድክበት ወረቀት አይጥበብህ። ሥዕሉን ከአፌ ሰምተህ እንደሳልከው ለሰላም እኔው እነግራታለሁ። ይህንንም ጽሑፍ እዚህ ከመለጠፌ በፊት የምልከው ለእሷ ነው።