ለማዳበሪያ የተጠራው ስም

ባለቤቴ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። እሱ እያለ፣ መንግሥት ደጉሞ በቅናሽ የሚሰጠውን ማዳበሪያ ለማስመዝገብ በየዓመቱ ገጠር የሚሄደው እሱ ነበር። ዘንድሮ ተራው የኔ ሆነ።

ከሐዋሳ በጠዋት ተነሳሁ። መሬቱ አሁንም በአማቴ፣ በባለቤቴ አባት ስም ነው። የመሬቱን ደብተር ባለቤቴ የት እንዳኖረው ሳይነግረኝ ሄደ። ማዳበሪያ ያልወሰደ አላረሰም ይባላል፣ መሬቱም ለሌላ ይሰጣል ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነት ይሁን ወሬ አላውቅም። ለልጄ የማወርሳት ግን ሌላ የለኝም።

ቀበሌው ደጃፍ ተሰልፌ ተራዬ ደረሰ። መዝጋቢው ከሌላ አገር የመጣ ወጣት ነው፣ አነጋገሩ ያስታውቃል።

«መሬቱ በማን ስም ነው፣ እናቴ?» አለኝ።

እኛ ሲዳማዎች ዘንድ ሴት የአማቷን ስም አትጠራም። ካገባሁ ጀምሮ አንድም ቀን ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፣ ለቅሷቸው ላይ እንኳ።

ጠብቆ ጠብቆ፣ እንግዲያው ይጻፉት ብሎ እስክሪብቶ ሰጠኝ። ሁለተኛ ክፍል ላይ ያቆመ እጄ ፊደል መልቀሙ አያቅተውም ነበር፤ ግን መጻፉም መጥራት ሆነብኝ። ስሙን ሳያውቁ መሬቱ የእርስዎ መሆኑን በምን ልመን ሲለኝ ወደ ኋላዬ ዞርኩ። በሰልፉ የቀሩት ሁለት ሴቶችም እኔ ባገባሁበት ቤተሰብ ውስጥ ያገቡ ናቸው። አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዝ አድርጋ፣ «የኔ ልጅ፣ ወንድ ፈልግ እንጂ የእኛስ አፍ ከተቆለፈ ቆየ» አለችው። ወንዶቹ ደግሞ ጆንያ ሊጭኑ መጋዘን ሄደዋል። መዝገቡ የሚዘጋው የዚያን ዕለት ነበር።

ስልኬን አውጥቼ ልጄ ጋ ደወልኩ። የልጅ ልጅ ቢጠራ ነውር የለውም። የአያትሽን ስም ከነአባታቸው ንገሪው ብዬ ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ለመዝጋቢው ዘረጋሁለት። እሷም ጥርት አድርጋ ተናገረች።

መዝጋቢው ስማቸውን መዝገቡ ላይ በጣቱ ፈልጎ አገኘው፣ አስፈረመኝም። ልቤ ግን እዚያ አልነበረም። አማቴ ለዘመን መለወጫችን ለፍቼ ወደ በዓሉ ሜዳ ጉዱማሌ ሲመጡ ቆጯቸውን በባጃጅ ጭነው ታቦር ሰፈር ቤታችን ይደርሱ ነበር። በር ላይ ጉሮሯቸውን ጠረግ ያደርጋሉ፤ ነጠላዬን እንዳስተካክል ጊዜ መስጠታቸው ነው። አሁን ያንን በር ማንም ሳያስጠነቅቅ ይገባበታል።

ቤት ስደርስ ልጄ ትስቃለች። «እማ፣ ራስሽ ብትጠሪው ማን ይቆጣሻል?»

እውነቷን ነው፣ የሚቆጣኝ ሰው አልቋል። ጫማዬን ሳላወልቅ አጠገቧ ተቀመጥኩና ስማቸውን አንዴ ድገሚልኝ አልኳት።